ክዳን ያለው አምባር

«ትንሿ ግድ የላትም፣ ትስማማለች። ደግሞስ መቼ እምቢ ብላ ታውቅና!»

ይህን ያለችው ታላቅ እህቷ ናት። ትንሿ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ፣ በመስፊያ ክፍሏ ውስጥ፣ የሰው ቀሚስ ትተኩሳለች። ግድግዳ ከተባለ ነው እንግዲህ፤ ሳሎኑን ለሁለት የከፈለ ስስ ሰሌዳ ነው፣ ሳልም ሹክሹክታም ያሳልፋል። ሁለቱ ታላላቆቿ በጠዋት ተጠራርተው መጥተው፣ አባታቸው ገና ከመኝታው ሳይነሳ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ እናታቸው አምባር ይመካከራሉ። ዝቅ ያደረጉት ለአባታቸው ብለው እንጂ ለእሷ ብለው አይደለም። እሷ ትስማ አትስማ ማንንም አሳስቦ አያውቅም። ዕድሜዋ አርባን ከዘለለ ሰንብቷል፣ ፀጉሯ ውስጥ ሽበት ገብቷል፣ ደንበኞቿ «እትዬ» ይሏታል፤ በዚህ ቤት ግን ያው ትንሿ ናት።

ጉዳዩ ቀላል ነበር፣ ወይም እነሱ ቀላል አድርገውታል። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ልብሱም ዕቃውም በስምምነት ተከፋፍሎ አልቆ፣ የቀረው ከእጇ ተለይቶ የማያውቀው የወርቅ አምባር ብቻ ነው፤ ስታገባ አክስቷ ያደረገችላት። አንድ አምባር፣ ሦስት ልጅ። መላውን የመታው ወንድማቸው ነው። ዳኛው ይሉታል። የፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፣ መድኃኒት ቤት ነው ያለው፤ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ዳቦ ለሦስት ሲቆርስ እንኳ በማስመሪያ ካልለካ እጁ አይሄድለትም፣ ስሙም በዚያው ወጣለት። ፍርዱም ይኸው፦ አምባሩ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ይሂድ፣ ከሦስት እኩል ይቆረጥ፣ ሁሉም ድርሻውን ወስዶ ቀለበትም ያሠራ ሌላም ያሠራ። ክፋት የለውም ሰውዬው። እማዬ ብትኖር እንዲህ ነበር የምታደርገው፣ ለአንዱ ሰጥታ ሌላውን አታስከፋም ነበር ባይ ነው። ታላቅየዋ ግን እዚያ ላይ አላበቃችም። ትንሿማ ከእነሱ እኩል መካፈሏ ራሱ ዕድለኛ ናት፣ ስንት ዓመት ሙሉ የእናት የአባት ቤት ውስጥ በነፃ ስትኖር የለም ወይ፣ አለች።

በነፃ! እናቷ አልጋ ላይ የዋለች ጊዜ ጎኗን ያገላበጠው ማን ሆነና። ሾርባ በማንኪያ ያጎረሰው፣ አንሶላ ያጠበው፣ የእናትን መድኃኒት ከአባት መድኃኒት ለይቶ በሰዓቱ ያደረሰው ማን ሆነና። ትንሿ ካውያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤ የጨርቁ ሽታ አነቃትና የሰው ቀሚስ ለጥቂት ከመቃጠል ተረፈ። ወዲያው በሩ ተከፍቶ ዳኛው ፊቱን በፈገግታ ሞልቶ ብቅ አለ። እኛ ወደ ሥራ መሄዳችን ነው፣ አምባሩን አንቺ ብታደርሺልን፣ ከሰዓት በኋላ መጥተን ድርሻ ድርሻችንን እንወስዳለን፣ ለአባባም ያን ጊዜ ቀስ ብለን እንነግረዋለን፣ አላት። ትንሿስ ምን አለች? እሺ አለች። ሌላ ምን ብላ ታውቃለች።

እውነቱን ለመናገር አምባሩን ለራሷ አልተመኘችውም። ታላቅየዋ ብትወስደው፣ የዳኛው ሚስት ብታደርገው፣ በበዓል በበዓል እጃቸው ላይ ብታየው ይበቃት ነበር። እንዳይቆረጥ ብቻ ነው የፈለገችው። ያ ቤት ከቀብሩ ወዲህ እየተቆረሰ እየተቆረሰ፣ ብርድ ልብሱ ወዲያ፣ የሸክላ ሰሃኑ ወዲህ፣ የእናቷ ኮት እንኳ ቁልፉ ተፈትቶ ለሌላ ልብስ ሄዷል። ከእናቷ እንዳለ ሙሉ ሆኖ የቀረ አንድ ነገር ይኑር ነው የምትለው። ይህን ለማለት ደግሞ አፍ መክፈት ያስፈልጋል፤ አፍ መክፈት ለእሷ ከባድ ነገር ነው። አምባሩን በመሐረብ ጠቅልላ፣ ቦርሳዋን በብብቷ አጥብቃ ይዛ ወጣች።

አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ቦታ አግኝታ ተቀመጠችና መሐረቡን ጭኗ ላይ ፈታ አደረገችው። ይታያችሁ፣ ከተወለደች ጀምሮ አብሯት የኖረ ነገር ነው፤ ሕፃን ሆና ስታለቅስ ድዷን ያሳከከችበት ሁሉ ሳይሆን አይቀርም። ግን በሠሪ ዓይን አይታው አታውቅም። የእናት ዕቃ ይዳሰሳል እንጂ መች ይመረመራል። አሁን ከፍ አድርጋ በመስኮቱ ብርሃን ስታየው ልቧ ክው አለ። ወርቅ ብላ ስታስብ ድፍን ነገር ነበር የሚመስላት፤ ይሄ ግን ጨርቅ ነው። ከፀጉር የቀጠነ የወርቅ ክር አግድም ተሸምኖ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተረማመደ፣ እጇ ላይ እንደ ሐር ሪባን ይፈሳል። መሃሉ ላይ ትንሽ ሰፋ ብሎ ወደ ጫፎቹ እየጠበበ ይሄዳል፤ የቱ ጋ መስፋት እንደጀመረ፣ የቱ ጋ መጥበብ እንደጀመረ ዓይን አይለየውም። ትንሿ ወገብ ላይ እንዲህ የሚጠብ ቀሚስ ለመስፋት ስንት ዓመት እንደለፋች ታውቃለችና፣ ማን ነው ይሄን የሠራው ብላ ለራሷ ጮክ ብላ ተናገረች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ አይቷት መልሶ ወደ ጋዜጣው ገባ።

የወርቅ ቤቶቹ ሰፈር ጠባብ ኮሪደር ነው፣ ግራና ቀኝ መስታወት። ወርቅ ሠሪው ቦርጩ ከጠረጴዛው ጋር የሚጋፋ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። አምባሩን ተቀብሎ ሚዛን ላይ ጣል አደረገው፤ የጠበቀውን ያህል አልቀለለም መሰል ግንባሩን አኮማተረና ተወው። ከሦስት እኩል እንዲቆረጥ ነው የተፈለገው ስትለው ራሱን ነቀነቀ፣ መቁረጫውን አነሳ፣ አምባሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በእርሳስ ሁለት ቦታ ነካ ነካ አደረገ። አንደኛው ምልክት ሰፋ ያለው መሃሉ ዳር ላይ ዐረፈ።

«አንዴ ቆይ» አለች ትንሿ።

ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ሰውዬው መቁረጫውን እንደያዘ ቀና ብሎ አያት። አሁን ምክንያት መስጠት አለባት፤ ያላት ምክንያት ደግሞ የሙያዋ ብቻ ነው። ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት አወራረዱ መታየት አለበት፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሳላየው አልቆርጥም፣ አለችው። ሰውዬው የልብስ ሰፊዋ ነገር አስቆት አምባሩን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። ትንሿ በአውራ ጣቷ ሽመናውን እየዳበሰች ከጫፍ ጀመረች። ክሩ አንድም ቦታ አይዘልም። መሃሉ ጋ ስትደርስ ግን ጣቷ ቆመ። ለዓይን ምንም የለም፣ መስመሩ ከመስመሩ ጋር ገጥሟል፤ ለጣት ግን አለ። እሷም ባለመስመር ጨርቅ ላይ ኪስ ስትለጥፍ እንዲሁ ታደርጋለች፤ የኪሱን መስመር ከልብሱ መስመር ጋር አገጣጥማ ኪስ መኖሩን ትደብቃለች። ጥሩ ሰፊ የሚታወቀው በዚያ ነው።

«ይሄ ነገር ኪስ አለው» አለችው።

ወርቅ ሠሪው እንደ መሳቅ ሊል ነበር። እሷ ግን ጥፍሯን ከጠርዙ ሥር አስገብታ በቀስታ ሽቅብ ገፋችው። የአምባሩ መሃል ተነሳ። እንደ ቅንድብ ከፍ አለ። ከሥሩ ከጥፍሯ የማይሰፋ ነጭ ፊት ወጣ፤ ቁጥር የለው፣ ጌጥ የለው፣ ሁለት ቀጫጭን ጥቁር ዘንጎች ብቻ፣ ከሥር ደግሞ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር የስዊስ ስም። ሰዓት ነው። እናታቸው ዕድሜ ልኳን ያሰረችው፣ ልጆቿ አምባር ሲሉት የኖሩት፣ ሰዓት ነው። ትንሿ አፏን በእጇ ያዘች። ወርቅ ሠሪው ደግሞ መቁረጫውን ቀስ ብሎ፣ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ፣ መሬት አስቀመጠው። ቀጥሎ ያን ሁሉ የቆጠበውን ቃል አውጥቶ የጎረቤቱን ሱቅ ግድግዳ እየደበደበ፣ ነይማ፣ ያለሽበትን ትተሽ ነይ፣ እያለ ተጣራ።

የመጣችው ሰዓት ሠሪዋ ናት፤ አጭር ሽበታም ፀጉር፣ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ መነጽር፣ አፏ ውስጥ ገና ያላለቀ ዳቦ። ምን ሆናችሁ፣ ሌባ ነው እሳት ነው ብላ እየቀለደች ገባችና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስታይ ቀልዷም ማኘኳም ቆመ። ምንም ሳትናገር ተመልሳ ወጣች። እጇን ታጥባ፣ አድርቃ፣ ንጹሕ ጨርቅ ይዛ መጣች። በመጽሐፍ ነው የማውቀው፣ በእጄ ነክቼው አላውቅም አለች፤ ድምፅዋም ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ድምፅ ሆኖ ነበር። ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው በአንድ አምፖል ሥር ተሰበሰቡ።

ሰዓት ሠሪዋ መናገር ስትጀምር ማን ያቆማታል። ስዊሶቹ ለሴት ሰዓት መሥራት ሲጀምሩ የወንዱን ሰዓት አሳንሰው ማሰሪያ የቀጠሉበት የሚመስለው ብዙ ነው አለች፤ ሥራውን በደንብ የያዙት የሰዓት ቤቶች ግን የተነሱት ከእጅ ነው፣ ከሴት አንጓ። መጀመሪያ አምባሩ ይሳላል፤ እንዴት እንደሚወርድ፣ የቱ ጋ እንደሚጠብ። ከዚያ በኋላ ነው ሰዓቱ በዚያ ስፋት ውስጥ ግባ የሚባለው። ስለዚህ ሞተሩን ከባቄላ ፍሬ አሳነሱት፤ ያን የሚያክል ነገር ውስጥ ጥርስ ያለው መንኮራኩር፣ ሞላ፣ የከበረ ድንጋይ ሁሉ አለ፣ በወረንጦ ይዘሽው ብታስነጥሺ ዕድሜ ልክሽን አታገኚውም። ሰዓቱ የሚሞላበት እንክብል ጎኑ ላይ ቢወጣ መስመሩን ይሰብረዋል፤ ወሰዱና ጀርባው ላይ አስተኙት፣ ቆዳ ላይ። ትንሿ አምባሩን ገልብጣ ስታየው እውነትም እዚያው ተኝቷል። ድሮም ያዩት ነበር እኮ፤ ጌጥ ነው ብለው ነው የተዉት።

ክዳኑን ለምን እንደሠሩለት ስትጠይቃት ሰዓት ሠሪዋ ፈገግ አለች። ያን ጊዜ በእነሱ ዘንድ ሴት ልጅ ሰው መሃል ተቀምጣ ሰዓት ካየች ነውር ነበር አለቻት፤ ሰለቸኝ፣ ተነሱልኝ እንደማለት ይቆጠርባታል። ወንዱ ከኪሱ መዞ ቢያይ ሥራ አለበት ይባላል። ሴቲቱ ግን ልጅ የሚጠብቃት፣ ምድጃ ላይ የተጣደ ያላት፣ ከማንም በላይ ሰዓት የሚያስፈልጋት እሷ፣ አታይም። እንግዲህ ነውሩን መሻር ያልቻሉት ሰዎች ሰዓቱን ደበቁላት። ደግሞ አከፋፈቱን ተመልከቺ አለቻትና ክዳኑን በጥፍሯ አነሳችው፤ ማጠፊያው ያለው በወዲያኛው በኩል ነው፣ ሲከፈት ክዳኑ ራሱ መጋረጃ ይሆናል። ባለቤቲቱ ታያለች፤ ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰው የሚያየው አምባር ነው።

ትንሿ ይህን ሰምታ አምባሩን ወደ ራሷ አቀረበችው። መቆለፊያውን አየችው፤ በአንድ እጅ፣ ማንም ሳያግዝ፣ በአውራ ጣት ብቻ እንዲገባ ሆኖ የተሠራ ነው። እሷ ራሷ ባል ለሌላቸው ደንበኞቿ የቀሚስ ዚፕ በጎን በኩል ትሰፋላቸዋለች፤ ጀርባቸውን የሚዘጋላቸው የለማ። ነግረዋት አይደለም፤ ይገባታል። ይሄንንም የሳለው ሰው ገብቶት ነበር። በማታውቀው አገር፣ በረዶ በሚወርድበት ከተማ፣ ጠረጴዛ ላይ አንገቱን ደፍቶ ወይ ደፍታ፣ አንድ ሰው ብቻዋን ስለምትለብስ ሴት አስቦ ነበር። ስሙን ጠየቀች። ሰዓት ሠሪዋ ትከሻዋን ነቀነቀች፤ የሰዓት ቤቱ ስም ፊቱ ላይ አለ፣ የሳለው እጅ ስም ግን የትም አይጻፍም አለቻት። ትንሿም የሰፋቻቸውን ቀሚሶች ሁሉ አሰበች፤ አንዱም ላይ ስሟ የለም።

ከዚያ ሰዓት ሠሪዋ ጀርባው ላይ ያለውን እንክብል በሌባ ጣቷ ጫፍ ቀስ እያለች አሽከረከረች፤ ዘንጎቹንም ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ጋር አስተካከለች። ጆሮሽን ስጪኝ አለቻት። ትንሿ ጎንበስ ብላ አዳመጠች። ጥድፍድፍ ያለ፣ የወፍ ጫጩት ልብ የመሰለ ነገር ይመታል። ያን ጊዜ ነው እናቷ የመጣችባት። ማታ ማታ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ አምባሩን አውልቃ ጀርባውን በጣቷ ስታሽ፣ ስታሽ፣ ስታሽ። እያጸዳችው ነበር የሚመስላቸው። ስትሞላው ኖሯል! እና ያ ሁሉ ተረት፣ እናታችን ሰዓት በሆዷ አላት እየተባለ የተወራው። ሰዓት በሌለበት ቤት ልጆቹን ለትምህርት ቤት ደቂቃ ሳታሳልፍ የምትቀሰቅሰው፣ ሰማዩ ሳይገለጥ የአባታቸውን ልብስ የምታዘጋጀው፣ ጎረቤት ሁሉ ሰዓት ሲጠፋበት በር አንኳኩቶ የሚጠይቃት። ሰዓት በቤቱ ያልነበረው ደግሞ በድህነት አይደለም፤ አባታቸው አልፈልግም ስላለ ነው። የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰዓት ሲገዛኝ ውሎ ቤቴም ገብቶ አይገዛኝም ይላል፤ እሱ እያወራ እጁን ያየ እንግዳ ሁለተኛ እዚያ ቤት አይጠራም። እናቷ ከዚህ ሰው ጋር ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ሳትጣላ፣ አንድ ደቂቃ ሳይበላሽባት ኖረች። ለልጆቿ እንኳ ሳትተነፍስ! ትንሿ ሳቋ መጣ፣ ከሳቋ ጋር እንባዋ መጣ፤ ሁለቱን መለየት አቃታት። አይ እማዬ፣ አይ አንቺ ሴትዮ አለች፣ ወርቅ ሠሪው ፊት፣ ሳታፍር።

ሰውዬው እስክትረጋጋ ጠበቃት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ» አላት፣ «ልቁረጠው ወይስ ይቅር?»

«ይቅር» አለች።

ለወርቅ ሠሪ ይቅር ማለት ቀላል ነው፤ ጭንቁ ቤት ነው። መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ሄደች። ዳኛው እንዲህ ቢለኝ እንዲህ እለዋለሁ፣ ታላቄ ብትቆጣ እንዲህ እላታለሁ፤ አውቶቡሱ ውስጥ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ሰዓት ነው ብትላቸውስ? ዳኛው ሰዓት ከሆነማ ይሸጥና እንካፈል ይላል፤ ይህን ልክ እንደ ስሟ ታውቀዋለች። ቦርሳ ውስጥ ማስቀመጡ አስፈራትና እጇ ላይ አሰረችው፣ በአንድ እጇ፣ በአውራ ጣቷ። የሹራቧን እጅጌ ጎትታ ሸፈነችው።

ስትደርስ ሁለቱም ቀድመዋት መጥተው ከአባታቸው ጋር ሳሎን ተቀምጠዋል። አባታቸውም ጀምሯል። ከጀመረ ደግሞ አለቀ፤ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ሰው ሲሰላች አያይም፣ ቢያይም ግድ የለውም። የዛሬው ወሬ ድልድይ ስለሰበረው ጎርፍ ነው፤ እሱ በፋኖስ ምልክት ሰጥቶ አንድ ሙሉ ባቡር ስላስቆመበት ሌሊት። የጎርፉን ውሃ ገና ከተራራው ላይ እያወረደው ነው። እናታቸው በነበረች ጊዜ የአባታቸው ወሬ እንዲህ አልነበረም፤ ይጥም ነበር፣ መጨረሻም ነበረው። ልክ ሰው መቁነጥነጥ ሲጀምር፣ ልክ የመጨረሻው አውቶቡስ ሊያመልጥ ሲል፣ ራሱ ያቋርጥና «በሉ፣ ልልቀቃችሁ» ይል ነበር። ለሰው አዋቂ ነው ተብሎ የተመሰገነበትም ጠባዩ ይኸው ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ ግን ያ ጠባዩ ጠፋ። ኀዘኑ ነው ብለው ልጆቹ ችለው ይሰሙታል፤ ቶሎ ቶሎ የማይመጡትም፣ ይፋ አያወጡትም እንጂ፣ ለዚሁ ነው።

ትንሿ ጥጉ ላይ ተቀመጠች። ዳኛው ከአባቱ ፊት ዓይኑን ሳይነቅል በቅንድቡ፣ የታለ? አላት። ታላቅየዋ የእግሯን ጣት መሬቱ ላይ ትመታለች፤ መሄጃ አላት። ትንሿ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ከአፏ ጠፋ። ጎርፉ እየወረደ፣ ባቡሩ እየመጣ፣ በመሃል ቃል ማስገቢያ ቀዳዳ የለም፤ ቢኖርም ድፍረቱ የለም። አሁን ወሬው ሲያበቃ ዳኛው አምጪ ውለጂ ይላታል፣ እሷም ልማዷ ነውና እሺ ትላለች፤ ነገ ይቆረጣል። አንዴ ብቻ፣ ሙሉ እንዳለ ልየው ብላ እጅጌዋን ሰብሰብ አደረገችና ጥፍሯን ከክዳኑ ሥር አስገባች። ነጩ ፊት ወጣ። ዘንጎቹ እየሄዱ ናቸው። ጉልበቷ ላይ ያን ትንሽ ነገር እያየች፣ እናቷም እዚሁ ሳሎን፣ ይህንኑ ድምፅ እየሰማች፣ እንዲሁ ጎንበስ ብላ እንዳየችው ገባት። ልቧ በአንድ ጊዜ ሞላ። መልሳ ከደነችው፤ ቀጭ አለ።

አባታቸው ቆመ።

ባቡሩን ድልድዩ አፍ ላይ፣ ፋኖሱን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቆመ። ማንም አልነካውም፣ ማንም አልተናገረውም። አፉ ክፍት ነው፤ ፊቱን ወደ ጥጉ አዙሯል፤ ምን እንደሚፈልግ እንጃ እንጂ ዓይኑ አጥርቶ እንደማያይ ሁሉም ያውቃል። ታላቅየዋ ምን ነካው ብላ ከወንበሯ ብድግ አለች። ዳኛው፣ ባለመድኃኒቱ፣ የልብ ነገር መስሎት እጁን ለመያዝ ተንደረደረ። ሽማግሌው ግን በእጁ ገፋው።

«ማን ነው የከደነው?» አለ።

ትንሿ ተነስታ ሄዳ እግሩ ሥር ተቀመጠችና እጇን ጭኑ ላይ አኖረችለት። ሽማግሌው አምባሩን በጣቶቹ ዳበሰ፤ ቀጥታ ወደ ክዳኑ ነው የሄደው፣ አልፈለገም፣ ቦታውን ያውቀዋል። በጥፍሩ ከፈተው። ዘጋው። ቀጭ።

«መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ተናድጄ ነበር» አለ። የወሬ ድምፁ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለውም ልጆቹ አያውቁም ነበር። «እኔ እያወራሁ ሰዓት ታያለች ብዬ። ሌሊቱን ሙሉ የምላትን ሳዘጋጅ አደርኩ። ጠዋት ሳያት፣ ምን ያህል ተጠንቅቃ፣ ምን ያህል ደብቃ… እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ኋላ ስትከድነው በቃህ ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። ልቀቃቸው ማለቷ ነው። አልነገረችኝም። አልነገርኳትም። እሷ ስትከድን እኔ አቆም ነበር።»

እሱ ወሬውን ሲያቆም የኖረው በዚያች ድምፅ ነው፤ እናታቸው ይህን ሳታውቅ ሄደች ወይስ አውቃ ነው የሄደችው? እሱንም የሚነግራቸው የለም። ታላቅየዋ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ዳኛው አምባሩን አየው፣ ሰዓቱን አየው፣ አባቱን አየው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሦስት የማይከፈል ነገር የገጠመው ይመስላል።

«አባባ» አለች ትንሿ፣ «ሊቆረጥ ነበር። እኔ አልፈቅድም።»

ማንም አልተቃወማትም። ዳኛው ጎንበስ ብሎ፣ እዚያው እጅሽ ላይ ይሁን፣ አላት፤ ታላቅየዋም ፊቷን ከሸፈነችበት እጇ ሥር ራሷን ነቀነቀች።

ሽማግሌው አሁንም የልጁን አንጓ አልለቀቀም። ያ ሰዓት የሚባል ነገር በቤቴ አይነሳ ያለው፣ እጁን ያየን እንግዳ ከደጁ ያስቀረው ሰው፣ ጭንቅላቱን ወደ ትንሿ ጠጋ አደረገና እንደ ልጅ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃት።

«ስንት ሰዓት ነው?»

ከፈተችው። ዘንጎቹ በእንባዋ ውስጥ ተንቀጥቅጠው ተንቀጥቅጠው ቆሙላት። «ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነው አባባ» አለችው።

«እንግዲያማ መንገድ ይዘጋባቸዋል» አለ። «በሉ፣ ልልቀቃችሁ።»

ማንም አልተነሳም።